በክረምት የወጣች ነጋዴ

ነጋዴ በክረምት አይወጣም። ሰኔ ግም ካለ አህያው ይፈታል፣ የጭነቱ ገመድ ከምሰሶ ይሰቀላል፣ ሰውም መስቀል እስኪደርስ እቤቱ ይከተታል። ይህን የቡሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። ስለዚህ ጎረቤታችን እትዬ ዙለይካ በሐምሌ ማለቂያ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ አህያዋን ጨው ጭና ከተኛሁበት ስትቀሰቅሰኝና «ተነሽ፣ እንሄዳለን» ስትለኝ፣ ከፍርሃት አስቀድሞ የያዘኝ ጥርጣሬ ነው።

እናቴ የት ናት ብዬ ጠየቅሁ። ጠበል ወርዳለች አለችኝ። እናቴ ወለተ ኢየሱስ እኔን ትታ ጠበል ሄዳ አታውቅም። ደግሞም በቤታችን በኩል ስናልፍ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ነጠላዋን እንደተሰቀለ አየሁት። ነጠላ ሳይለብስ ጠበል የሚወርድ ሴት የለም። ከደጃፉ ላይ እንስራ ተሰብሮ ገሉ ጭቃው ውስጥ ተበትኗል። ዙለይካ እጄን ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣ ዘወር ብለሽ አትይ አለችኝ።

ጣሊያን ጎጃም በገባ በሦስተኛው ክረምት ነው። አባቴ ዱር ቤቴ ብሎ ከሄደ ከርሟል። ባንዶች ማታውን መጥተው እናቴን ወደ ጣሊያን ምሽግ ሲወስዷት እኔ እዙለይካ ቤት ከልጆቿ ጋር ተኝቼ ነበር። የሰውየውን ሚስት የያዘ ልጁንም እንደሚፈልግ እናቴ ታውቃለች። ስለዚህ አስቀድማ ዙለይካን፣ እኔ የተያዝሁ ዕለት ልጄን ደጋ ዳሞት ወስደሽ ከአባቷ ወገኖች አድርሽልኝ ብላ አስምላት ኖሯል። ይህን የሰማሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። የዚያን ጧት የማውቀው እናቴ እንደሌለችና አንዲት ነጋዴ በክረምት እንደወጣች ብቻ ነበር።

ሌላም የማውቀው ነገር ነበረኝ። አባቴ ከሄደ ጀምሮ እናቴ አንድ ነገር ደጋግማ ትነግረኛለች፤ የማን ልጅ ነሽ የሚልሽ ቢኖር፣ ዘመድም ቢሆን ቄስም ቢሆን፣ ስሙን ካፍሽ እንዳታወጪ፤ ስሙን የጠራሽ ዕለት አባትሽን ገደልሽው ማለት ነው ትለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ቃል በልጅ ልብ ላይ መጫኗን ስወልድ ነው ይቅር ያልኋት። ሴቶቹ ልጆቼ ወፍጮ ቤት ሄደው ሲዘገዩብኝ እኔም እንዲፈሩልኝ ብዬ የማልናገረው ክፉ ነገር የለም። ብዙ ዓመት ቆይቶ ለመሠረተ ትምህርት ስንመዘገብ አስተማሪው ስምዎ ከነአባትዎ ቢለኝ «ባንቺአየሁ» ብዬ ቀረሁ። አባት የለዎትም እንዴ አለኝ። ዞር ብዬ በሩን አየሁና፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እጅጉ» አልሁት። ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ።

በቡሬ ልጆች ዘንድ የሚወራ ወሬ ነበር። ከሽንዲ ወዲያ ቆላው ውስጥ ሰው የሚሸጥበት ቦታ አለ፣ ነጋዴ ልጅን ከጨው ጋር ጭኖ ይወስዳል ይባላል። ዙለይካ የሽንዲን መንገድ ትታ ወደ ማንኩሳ ስትዞር ልቤ ማረፍ ነበረበት። እኔ ግን፣ ይቺ ሴት ሌላ ገበያ አላት አልሁ።

ማንኩሳ ከመድረሳችን በፊት ቆመችና ከጓዟ ሻሽ አውጥታ ከአንገቴ እስከ ጆሮዬ ጠመጠመችልኝ። ማተቤ ከሥሩ ጠፋ። ከአሁን ጀምሮ ስምሽ ኡምሀኒ ነው፣ ሰው ቢያናግርሽ ዝም በይ አለችኝ። ከቡሬ ገበያ ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ፤ የሰረቁትን በቅሎ ባለቤቱ እንዳያውቀው ጋማውን ይቆርጡታል። የኔ ስሜ ተቆረጠ።

ከከተማው መግቢያ ላይ ባንዶች ከዛፍ ሥር ተጠልለው ነበር። አንደኛው ጭነቱን በበትር ወጋ ወጋ አድርጎ፣ በዚህ ጭቃ ምን ቢቸግርሽ ነው የወጣሽው አላት።

«ወጥ በክረምትም ይበላል፣ ወንድሜ» አለችው። «ጨው አምሮኝ አይደለም የምዞር፤ ልጆች አሉኝ።»

«ይቺስ?»

«ልጄ ናት።»

«አትመስልሽም።»

«አባቷን ብታየው ይህን አትልም። ቁርጥ እሱን ናት፤ እኔ ማሕፀኔን ብቻ ነው ያዋስሁት።»

ባንዶቹ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። እጄን ግን አልለቀቀችም። እኔ ያየሁት ሳቋን ነው። ከባንዳ ጋር የምትስቅ ሴት ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች እናቴ ነግራኛለች።

ያን ማታ ኑርሁሴን ከሚባል ነጋዴ ቤት አደርን። ጧት ሚስቱ በቅል የሞቀ ወተት ሰጠችኝ። ርቦኝ ነበር፤ ከአፌ ሳላደርሰው ዙለይካ ቀማችኝ። በሴትዮዋ ጆሮ የሆነ ነገር ነገረቻት። ሴትዮዋም ራሷን ነቀነቀችና በወተቱ ፋንታ የተቆላ ሽምብራ ዘገነችልኝ። ወተት ጉልበት ይሰጣል፣ ጉልበት ያለው ልጅ ይሮጣል፤ እንዳልሮጥባት ነው አልሁ በልቤ።

ያ ጧት ነሐሴ አንድ ነበር፤ ፍልሰታ ገብቷል። ባገራችን ፍልሰታን ሕፃናትም ይጾማሉ። በመንገድና በፍርሃት ቀኑ ጠፍቶኝ ነበር፤ ዙለይካ ግን አልጠፋትም። እናቴ ስለ ጾም ያለቻት ነገር አልነበረም። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ለምን ቀማሽኝ ብዬ ስጠይቃት፣ «አደራ የሚጠበቅ ከነጾሙ ነው» አለችኝ። መንገዱን ሁሉ ቆሎና የገብስ ቂጣ እንጂ ሌላ አላቀመሰችኝም፤ እሷም ያንኑ በላች። እኔ ሰስታ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም የሚባለው ከተማ ያኔ ይህ ስም አልወጣለትም። ጣሊያን ስለነበረበት ዙሪያውን በጫካ ዞርነው። ብር ወንዝ ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርድ ነበር። ዙለይካ መጀመሪያ ጨውን ጥቂት በጥቂት በራሷ ተሸክማ አሻገረች፣ ቀጥላ አህያውን ጎተተች፣ በመጨረሻ እኔን አዘለችኝ። ከጀርባዋ ሆኜ ያሰብሁት፣ ጨውም እኔም ውሃ እንዳይነካን እኩል ትጠነቀቃለች፣ ዕቃዋ ነን የሚል ነው።

ከዚያ በኋላ ዳገት ሆነ። ደጋው ለእኔ ሌላ አገር ነበር። ጉም ከገደሉ ሥር ተነስቶ መንገዱን ይበላዋል፤ ከፊቴ የሚሄደውን አህያ በኮቴው ድምፅ ብቻ ነበር የማውቀው። ከሣር የተሠራ የዝናብ ልብስ፣ ጌሳ የሚሉትን፣ ዙለይካ ከአንድ እረኛ በጨው ለወጠችልኝ። ብርዱ ግን በሣሩ መሐል ይገባል። ከማሳው ገበሬዎች ከነልጆቻቸው ገብስ ያርማሉ፣ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። እኛ ስንቀርብ ዘፈኑ ይቋረጣል። አልፈን ጥቂት ከሄድን በኋላ እንደገና ይነሳል። ዙለይካ ለማንም ጨው ግዙኝ አላለችም። ይህንንም ታዘብሁ። የማትሸጠውን ጨው የምትጭን ነጋዴ ሌላ የምትሸጠው ነገር አላት።

የመጀመሪያው ደጅ የአያ ይሄይስ ደጅ ነበር። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ በበትራቸው ተደግፈው ከበሩ ወጡና ሰላምታውን ግማሽ ተቀበሉ። ዙለይካ ቀረብ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አወራች። እኔ ከአህያው አጠገብ ቆሜ የሰማሁት ቁርጥራጭ ነው፤ «ልጅቱን» ትላለች፣ «ክረምቱን እንኳ» ትላለች፣ «ተቀበሉኝ» ትላለች። ሽማግሌው መጡና አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። በአውራ ጣታቸው ከንፈሬን ገልጠው ጥርሴን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ጥርሷስ ነው» አሉ።

በቅሎ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ጥርሷን ነው የሚያይ። ቀጥሎ ምን እንደሚጠይቅም አውቃለሁ፤ የተሰረቀች እንዳትሆን ሻጩን ዋስ ይጠይቃል። አያ ይሄይስም ወደ ዙለይካ ዞረው፣ ዋስ አለሽ ወይ አሏት።

«ዋሴ አላህ ነው» አለች።

«እሱን የት አግኝቼ ልያዝ፣ አንቺ ሴትዮ? ነገሩ የተበላሸ ዕለት የሚያዝ ዋስ ነው የምፈልግ።»

ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቁኝ። ከንፈሬን ነከስሁ። ደግመው ጠየቁኝ፤ መሬቱን አየሁ። አባቷን የማታውቅ ልጅ ይዘሽ ነው የመጣሽብኝ አሏትና ገቡ። ያን ሌሊት በበጎቻቸው ጋጣ አሳደሩን። ስንነሳ ዙለይካ ከደፉ ላይ ጨው አስቀመጠችላቸው። ለደላላው መሆኑ ነው አልሁ።

አያ ይሄይስ የአባቴ አጎት ነበሩ። አባቴ ፍንጭት ነው፤ እኔም ፍንጭት ነኝ። ጥርሴን የገለጡት ወገናቸው መሆኔን ለማየት ነው፣ አይተውም አውቀዋል። ዋስ የጠየቁት ዙለይካን ፈርተው ነው። ጣሊያን የሽፍታን ዘመድ ለይቶ ቤቱን ለማቃጠል ነጋዴ መስሎ የሚዞር ሰላይ ይልካል የሚባልበት ጊዜ ነበር፤ ነጋዴዋ እስላም መሆኗም ለሚጠረጥር ሰው ምክንያት ሆነው። ልጅቱ ደግሞ አባቷን አትጠራም። ተለቅማ የመጣች ማጥመጃ ብትሆንስ? እኔ ዙለይካን ስጠረጥር፣ እሳቸው ሁለታችንንም ጠርጥረው ኖሯል። ጨውም በእንግድነት ላሳደረ ሰው የተተወ ስጦታ እንጂ ሌላ አልነበረም።

ከአያ ይሄይስ ደጅ ወደ አያ ባዬ፣ ከአያ ባዬ ደጅ ወዲያ ማዶ ወዳለ ጎጥ፣ ከዚያም ሌላ ሸንተረር ዘለን ሄድን። አያ ባዬ ቤታቸው ኩፍኝ ገብቶበታል ብለው ከአጥር ውጭ አቆሙን። ልጆቻቸው ግን ከአጥሩ ውስጥ ድንቡሽ ብለው ጭቃ ይጫወቱ ነበር። አንዲት ሴት ዳቦ ሰጥታን በሯን ዘጋች። በየደጁ ዙለይካ ዝቅ ብላ ታወራለች፣ ሰዎቹ እኔን ያያሉ፣ ዘወር ብለው ይመካከራሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እሷም አህያዋን ታዞራለች። ዋጋ አልተስማሙም እላለሁ።

ለማምለጥ አስቤ ነበር። አንድ ቀን ጉሙ ሲመጣ ከመንገዱ ወጥቼ ከቁጥቋጦ ሥር ተቀመጥሁ። ዙለይካ መጀመሪያ ኡምሀኒ እያለች ተጣራች። ቀጥላ ያንን ስም ረሳችውና «ባንቺ፣ ባንቺዬ» እያለች ወዲያና ወዲህ ትሮጥ ጀመር። ድምፅዋ እንደ እናቴ ድምፅ ተሰበረ። ጉሙ ውስጥ ከሷ በቀር የማውቀው ሰው አልነበረም። ወጥቼ ቆምሁላት። አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም፤ የጌሳዬን ማሰሪያ አጥብቃ አስራ መንገዷን ቀጠለች። ንብረቱን ያገኘ ሰው ይመስላል አልሁ።

እየዋለ ሲያድር ግን ሌላ ነገር ይሰማኝ ጀመር። ማንም የማይፈልገው ዕቃ መሆን ያሳፍራል። ደጅ በደረስን ቁጥር ፊቴን በዝናብ ውሃ እታጠባለሁ፣ ልብሴን አራግፋለሁ፣ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ይግዙኝ ብዬ አይደለም፤ ግን እንዲያ እያዩ ማለፋቸው ምን ጎድሎኝ ነው? ዛሬ ያ ሁሉ ደጅ የማን ደጅ እንደነበር አውቃለሁ። ቀጥ ብዬ የቆምሁት በገዛ ወገኖቼ ፊት ነበር። ፈርተው ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው አይተዋል፣ ልጆች አሏቸው። እኔም እናት ነኝ፤ በዚያ ክረምት ደጄን የሰው ልጅ ቢያንኳኳው ምን እንደማደርግ አላውቅምና አልፈርድባቸውም።

የመጨረሻው ደጅ ከፈረስ ቤት በላይ፣ ከተራራው ወገብ ላይ ነበር። ላሳደረን ሁሉ እየተተወ ጨዉ አልቆ ነበር፤ አህያው ባዶ ጀርባውን እየሄደ፣ ዙለይካ ዳገቱን ለመውጣት ጭራውን ትይዛለች። ከቤቱ ደጃፍ አንዲት ትንሽዬ ሴት ተቀምጠው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ። እመት ንግሥቴ ይባላሉ። ዙለይካን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳመጧት። ጥርሴን አላዩም። ዋስ አልጠየቁም። የማን ልጅ ነሽም አላሉኝ። አንዲት ጎረቤታቸው መጥታ ቆማ ነበር። እንዝርታቸውን እያሾሩ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ መስለው፣ ሐረግ መቁጠር ጀመሩ።

«እኔ ንግሥቴ የቢሆነኝ ልጅ ነኝ። ቢሆነኝ የእንዳለው ልጅ። እንዳለው ደግሞ…»

ባገራችን ጨዋ ልጅ ሰባት ቤት ይቆጥራል። አባቴ ከእርሻ ሲመለስ ከጉልበቱ አስቀምጦ ያስቆጥረኛል፤ አንድ አያት የዘለልሁ እንደሆነ ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርጎ ከሥሩ ያስጀምረኛል። ሰውን መዝለል መቅበር ነው ይለኝ ነበር። ቢሆነኝ የአባቴ አባት ነው። ከቢሆነኝ በላይ ደግሞ እንዳለው የሚባል ሰው የለም። ሴትዮዋ ምን እንደሚሉ አላወቁም። ጆሮዬ ጋለ።

«ቢሆነኝ የሃይለ ሚካኤል ነው» አልሁ።

«የእንዳለው ነው» አሉ ቀና ሳይሉ።

«አይደለም። የሃይለ ሚካኤል ነው።»

ከዚያ ማቆም አልቻልሁም። ከሃይለ ሚካኤል ጀምሬ አንድ በአንድ ወጣሁ፤ አንድም ሳልዘል እስከ ሰባተኛው። ስጨርስ እንዝርቱ ቆሞ ነበር። እመት ንግሥቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩ።

«ከቢሆነኝ በታችስ ማን አለ?» አሉኝ።

ምን እንዳደረግሁ ያን ጊዜ ገባኝ። አፌን በሁለት እጄ ያዝሁት። ከቢሆነኝ በታች አባቴ ነው። ስሙ ከምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጥሁት፣ እንባዬ ግን ቀደመኝ።

«ተይው» አሉኝ እመት ንግሥቴ። «እሱን እኔም አልጠራውም። ወንድሜ ነው።»

እጃቸውን ዘርግተው ወደ ጉያቸው ሳቡኝ፤ ልብሳቸው በግ በግ ይሸታል። ስሙን ሳይጠሩ መቅረታቸው እንጂ ሌላው ነገር አላሳመነኝም። የጣሊያን ሰው ቢሆኑ ኖሮ ያንን ስም ነበር የሚፈልጉት።

ዙለይካ ከርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ታለቅስ ነበር። ለአክስቴም ቢሆን በርካሽ ሸጠችኝ ማለት ነው፣ ቆጭቷት ነው አልሁ። ያለቀሰችው ግን ለእናቴ የምትነግራት ነገር ስላገኘች ነው። ቡሬ እንደተመለሰች ለእስረኛ ስንቅ የምታቀብል መስላ ምሽጉ በር ድረስ ሄደች፤ ደርሳለች የሚለውን አንድ ቃል ለእናቴ አቀበለቻት። እናቴ ያን ቃል ይዤ ነው ከእስራቱ ያለፍሁት ትል ነበር፣ እስከ ዕለተ ሞቷ።

እኔ ግን ይህን አላውቅም። እመት ንግሥቴ ልጅቱ ከእኔ ጋር ትኖራለች ብለው ሲናገሩ፣ ነገሩ መቆረጡ ነው ብዬ ወደ ዙለይካ ሄድሁ። ከፊቷ ቆሜ፣ በልቤ ይዤው የከረምሁትን ነገር ጠየቅኋት።

«በስንት ሸጥሽኝ?»

ዙለይካ ሻሿን ከፊቷ አወረደች። መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ገባትና እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

«ማን ይገዛሻል፣ ልጄ» አለችኝ። «ያን ሁሉ ደጅ አዙሬሽ።»

ጎረቤቲቱም ሳቀች። እመት ንግሥቴ ግን አልሳቁም። እጃቸው ላይ የነበረውን ፀጉር አስቀመጡት። ያ ሁሉ ደጅ የማን እንደነበር ዙለይካን አንድ በአንድ ጠየቋት፤ እሷም እያፈረች ነገረቻቸው። ይሄይስ፣ ባዬ፣ ከማዶ ያለው ጎጥ። እያንዳንዱን ስም ሲሰሙ ፊታቸው እየወረደ ሄደ።

ተነስተው ገቡና ገበቴ ይዘው ወጡ፤ የሞቀ ውሃም አመጡ። ከዙለይካ ፊት ተንበረከኩ። ዙለይካ እግሯን ወደ ኋላ ሰበሰበች፤ ኧረ እመት፣ እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ይተዉ አለቻቸው። ጎረቤቲቱም ቆጣ ብላ፣ ልጅ ጠፍቶ ነው እንዴ እርስዎ የሚያጥቡ፣ ለዚያውም ለእስላም ነጋዴ አለች።

«እሷ ስትዞር እኔ ተቀምጬ ነበር» አሉ እመት ንግሥቴ። «አሁን እሷ ትቀመጥ።»

እግሯን ስበው ከገበቴው አገቡት። በዚያ መንገድ ሁሉ ከፊቴ የሄደ እግር ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም ነበር። ተረከዙ እንደ ነሐሴ ማሳ ሳይሆን እንደ ግንቦት ማሳ ተሰነጣጥቋል። አልቅት የያዘበት ቦታ ሁሉ ጠቁሯል። የአንዱ ጣት ጥፍር የለም፤ ከሥሩ ለጋ ሥጋ ወጥቷል። እመት ንግሥቴ ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ በመሐላቸው የገባውን ጭቃ እያወጡ ያጥባሉ። ዙለይካ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ትነክሳለች።

ውሃውን ከቅሉ የማፈስሰው እኔ ነበርሁ። ዙለይካን ያን ቀን ገና አላመንኋትም፤ ልጅ ነበርሁ፣ ጥርጣሬ እንደ ጉም በአንድ ጊዜ አይነሳም። ገበቴው ውስጥ ያለው ውሃ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ቀላ። ቅሉ ሲያልቅብኝ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ሌላ ልቀዳ ወደ ጓዳ ሮጥሁ።